የወርቁ ጥቅልና የእትዬ ወገብ

ልብስ ሰፊው ከታላቅ እህቱ ጋር ከተኳረፈ አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሜትር ተኩል ጨርቅ በሰው እጅ ደረሰው። ጨርቁ ሰማያዊ ነው፤ ግን ቁርጥ ያለ ሰማያዊ አይደለም። ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት የብር ቀለም ያወጣል፣ ወደ ግድግዳው ሲመልሱት ሊዘንብ ያለ ሰማይ ይመስላል። በውስጡ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተጣጥፋለች። «የልጄ ሠርግ እሑድ ነው። ይሄንን የምለብሰው እኔ ነኝ። ቁመቴን፣ ትከሻዬንና እጅጌዬን ታውቃለህ፣ አልተለወጡም። የቀረውን በቤት ስልክ ደውለህ ጠይቀኝ። ከሱቁ የቀረው የመጨረሻው ቁራጭ ስለነበር ሌላ ጨርቅ የለም» ትላለች። ሰላምታ የለባትም። «ወንድሜ» የሚል የለባትም። ቢሆንም ሰፊው ሦስት ጊዜ አነበባትና መርፌ በሚያኖርባት ጣሳ ውስጥ አስቀመጣት፤ በሱ ቤት ውድ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሰዎች «ጋሽ ሜትር» ይሉታል። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። የሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ ከክራባቱ ጎን ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ባለቤቱም ያንን ፎቶ ለእንግዳ የምታሳየው በአውራ ጣቷ ሸፍና ነው። እህቱ ግን ጋሽ ብላ ጠርታው አታውቅም። ለሷ ኩታራ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ሽበቱ ከጢሙ አልፎ ቅንድቡ ላይ ደርሶ፣ አሁንም ኩታራ ነው።

ኩርፊያውን ያመጣው ቀሚስ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የእትዬ የበኩር ልጅ ተመረቀና ሰፊው ለምረቃው የምትለብሰውን ሰፋላት። እትዬ በወገቧ ዙሪያ የሰው ሜትር አስዞራ አታውቅም። ልብስ ሰፊ ለነበረው ለአባታቸው እንኳ አልተለካችም፤ በሯን ዘግታ ራሷ ትለካለች፣ ቁጥሩን ትጽፋለች፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ትሰጣለች። ያኔም እንዲሁ ሰጠች። በግብዣው ላይ ኬክ ልትቆርስ ጎንበስ ስትል ቀሚሱ ከዚፑ ጀምሮ ቁልቁል ተተረተረ። እትዬ ቀና አለች፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጠች፣ ከዚያም አርባ ሰው በተሰበሰበበት፣ ክርህ ርካሽ ነው አለችው። ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሰፊ ግን ክሩን ሲነኩበት እናቱን የሰደቡበት ያህል ነው። «እኔ የሰፋሁት በላክሽልኝ ቁጥር ነው» አለ። ሲያዩት የዋህ አነጋገር ነው፤ ውስጡ ግን እህቴ ስለ ወገቧ ዋሽታለች የሚል ተሸሽጓል፣ አርባውም ሰው ሰማው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እትዬ ካፖርቷን ደርባ ወጣች፣ በዚያው ቀረች።

ስለዚህ ይህ ጨርቅ እንዲያው ጨርቅ አልነበረም። ቀሚሱ ልክ ከሆነ እርቅ ነው። ካልሆነ ደግሞ ያቺ ሴትዮ ሁለተኛ ዕድል ሰጥታ የማታውቅ ስለሆነች፣ አሁን መስጠቷም ተአምር ስለሆነ፣ ሦስተኛውን ማሰብ ድፍረት ነው። ጨርቁን ያመጣው የሰፈሩ ፋርማሲስት ዓርብ ጠዋት እትዬ ወዳለችበት ይመለሳል። እንግዲህ ቀሚሱ እስከ ሐሙስ ማታ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ መጠበቅ አለበት።

ችግሩ ስልኩ ነው። እትዬ የምትኖረው ድንበር ማዶ ሲሆን ያላት የቤት ስልክ ብቻ ነው። ልጆቿ ዘመናዊ ስልክ ገዝተውላት ነበር፤ እኔ የማየው ነገር እንጂ እኔን የሚያየኝ ነገር አልፈልግም ብላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። በልጆቿ በኩል መጠየቅም አይታሰብም። የወገቧን ልክ ልጆቿ እንዲያውቁት ብትፈልግ ኖሮ በር አትዘጋም ነበር።

ድንበር ማዶ ያለ የቤት ስልክ ላይ በኢንተርኔት መደወል የሚቻለው ደግሞ በክፍያ ነው። ይህንን የደረሰችበት ባለቤቱ ናት። እሷ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ስለ ኮምፒዩተርና ስለ አለቆች ጠባይ የማታውቀው የለም። አገልግሎቱ ሦስት ጥቅል አለው፤ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ። ለእህትህ ነሐስ አይሆንም ብላ የወር ወርቅ ገዛችለት። በኋላ እንደተረዱት ልዩነቱ እንዲህ ነው። በነሐሱ መስመሩ ሲቆረጥ ዝም ብሎ ይቆረጣል። በወርቁ ሲቆረጥ ድምፀ ለስላሳ የሆነች ሴት ይቅርታ ትጠይቃለች። አንዳንዴም ቀደም ብላ ይቅርታውን ትጠይቅና ከዚያ ይቆረጣል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰፊው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ በካውያውና በጠመኔው መካከል አስቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደወለ። እትዬ አነሳች፣ «አልገዛም» አለች፣ ዘጋች። ደገመ። አሁንም አልገዛም። ለካ የኩባንያው ጥሪ እትዬ ቤት ሲደርስ የሚያሳየው የሰፊውን ቁጥር አይደለም፤ በየጊዜው የሌላ አገር ቁጥር ነው። እትዬም በስልኳ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት እያየች፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ ምን ሊሸጥልኝ ተነሳ ትል ነበር። በአምስተኛው ጥሪ ገና «አል…» ስትል ሰፊው ቸኩሎ «እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ኩታራው» አለ። ከወዲያ ዝም ተባለ። የአራቱ ዓመት ዝምታ ይሁን የመስመሩ አልለየለትም። ሊለይለት ሲል ለስላሳዋ ሴት ይቅርታ ጠየቀች።

እንዲህ እያለ ቢቆጥሩት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደወለ። «ደህና ነሽ ወይ» በአንዱ ጥሪ ሄደ፣ «ደህና ነኝ» በሌላው ተመለሰ። የሙሽሪት ስም ተጀምሮ ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ባለቤቱ ከመሥሪያ ቤት ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ጥቂት አዳመጠችና፣ ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት ሰዎች ለካ ይህንን ጥቅል ገዝተው ነው አለች።

በአሥራ ዘጠነኛው መስመሩ ጸና። ጸና ይባል እንጂ ድምፅ ከወዲህ ሄዶ ከወዲያ እስኪመለስ አንድ እጅጌ ተኩሶ መጨረስ ይቻላል። ሰፊው ዕድሉ እንዳያመልጠው ቸኮለ። ልክ ሲጽፍ ከአባቱ የወረሰው ልማድ አለው። ያቀረቅራል፣ ቦታውን ይጠራል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ «እሺ» ይላል፣ ያልፋል። እንደ ሰልፈኛ እርምጃ ነው፤ ቀና ማለት የለም፣ መመለስ የለም።

«ደረት» አለ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ «ዘጠና ስምንት» መጣ። ጻፈ። እሺ።

«ወገብ» አለ።

ይህኛው ሳይቆይ መጣ። «ዘጠና ስምንት።» ጻፈ። እሺ። እስክሪብቶው ግን ትንሽ አነከሰ።

«ዳሌ።»

«ሰማንያ ስድስት።»

እዚህ ላይ እስክሪብቶው ራሱ ቀና ብሎ ያየው መሰለው። ደረቷና ወገቧ እኩል የሆነ፣ ዳሌዋ ደግሞ ከወገቧ በአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ሴት። ሌላ ደንበኛ ብትሆን፣ እስቲ ድገሚልኝ ይላት ነበር። ይህንን ሊላት የማይደፍረው በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷም መስመሩ ላይ ነበረች። ባለቤቱን አየ። ባለቤቱ የእግሯን ጣቶች ታሻለች። «በቃ እትዬ፣ ጨርሰናል» አለ። ከወዲያ አንድ ነገር ሊባል ተጀምሮ ነበር፣ «መ…» የሚል፤ ለስላሳዋ ሴት ግን ይቅርታ ጠየቀች።

ማክሰኞ ጠዋት ሰፊው ጨርቁን አልነካውም። የሚነድፈው አስቀድሞ በወፍራም ቡናማ ወረቀት ላይ ነው። ነደፈ፣ ቆረጠ፣ ወረቀቶቹን በስፒል አያይዞ እጅና ራስ በሌላት የልብስ ማልበሻ ምስል ላይ ሰቀለና ወደ ኋላ ሄዶ አየ። ከፊቱ የቆመችው ካሮት ናት። ከላይ ሰፋ፣ ከመሐል እንዲያው እንደሰፋች፣ ከታች ሾል።

መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ አዘነ። ከዚያ ግን ራሱን ገሠጸ። አራት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። እሱ ራሱ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ቀበቶ ቀይሯል፤ ሦስተኛውም ቀዳዳ ጨርሷል። ሰው እንደ ጨርቅ ነው፣ ባለበት አይቆይም፤ አንዱ ጋ ይሳሳል፣ ሌላው ጋ ይሰበሰባል። ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ለምዷት ነበር። እንዲያውም ወገቡን ቀለል የሚያደርግ ስፌት አስቦላት፣ የምን ጫማ ብታደርግበት እንደሚያምርባት ማሰላሰል ጀምሮ ነበር።

ባለቤቱ ለምሳ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች። ይሄ የማን ነው ብላ ጠየቀች። የእትዬ ነው አላት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምን ደርሶባት ነው?» አለች።

ሰፊው የጻፈውን ሰጣት። እሷም መነጽሯን አድርጋ አንዴ አነበበችው፣ ሁለተኛ አነበበችው፣ ከዚያ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው በጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። አለቃዋ መንገድ ላይ ሲሆን በስልክ ደብዳቤ ያስጽፋታል። እሱ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ እሺ ትላለች፣ እሺታዋ ግን በጊዜ አይደርሰውም፤ አልሰማችኝም ብሎ ያንኑ ይደግማል። እሷም መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱንም ትጽፍ ነበር። አንዴ እንዲያውም «ከታላቅ አክብሮት ጋር ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብሎ የጨረሰ ደብዳቤ ወጥቶ፣ የተጻፈለት መሥሪያ ቤት እንዲህ አክብሮን የሚያውቅ የለም ብሎ የጠየቁትን ሁሉ ፈቀደ።

እትዬም እንዲሁ ሆናለች አለችው። ደረቷን ተናገረች፣ እሺታህ ዘገየባት፣ ደረቷን ደገመች። የደገመችው የደረሰው ልክ አንተ ወገብ ስትል ነው። ከዚያ በኋላ እሷ አንድ እርምጃ ከኋላህ ነበረች። ሰማንያ ስድስቱ የወገቧ ነው። ዳሌዋን አልሰማኸውም፤ ስትናገር ነው የተቆረጠው።

ሰፊው ካሮቷን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ሊያምናት ፈለገ። ግን እንዲያው በግምት አይቆረጥም። ሚስቱ ትክክል ከሆነች አንዲት እህት አለችው፣ የጻፈው ትክክል ከሆነ ሌላ እህት አለችው፤ ጨርቁ ደግሞ ለአንዷ ብቻ ነው የሚበቃው። ለአንዷ የተቆረጠ ለሌላዋ መጋረጃ እንኳ አይሆንም።

ደውልና ጠይቃት አለችው ባለቤቱ።

«ምን ብዬ?» አለ ሰፊው። «ወገብሽ ከዳሌሽ ይበልጣል ወይ ብዬ?»

እሷ ጸሐፊ እንጂ አማካሪ እንዳልሆነች ነግራው ምሳዋን በላች።

ከሰዓት በኋላ ልቡን አጠንክሮ ደወለ። አልጠራም። በምትኩ ስልኩ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። በአንድ ቀን ውስጥ ወደ አንድ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በመደወልዎ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስለታየ፣ ለደኅንነትዎ ሲባል ታግደዋል ይላል። አሥራ አምስት ጊዜ የቆረጡት እነሱ፣ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ያደረገው እሱ።

የደንበኞች አገልግሎቱ ላይ በጽሑፍ የሚመልስ «ረዳት» የሚባል ነበር። ረዳት ሰው ይሁን ማሽን ለመለየት ሰፊው ግማሽ ቀን ፈጀበት። እህቴን የምጠይቃት ነገር አለኝ ብሎ ሲጽፍለት፣ እህትዎም የወርቅ ጥቅል ቢገዙ ደስ ይለናል አለው። ቀሚስ እየጠበቀኝ ነው፣ ጊዜ የለኝም ሲለው፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን አለው። ትዕግሥትም የለኝም ሲለው፣ አሁንም አመሰገነው። በመጨረሻ፣ አንተ ሰው ነህ ወይ ብሎ በቀጥታ ጠየቀው። ጥያቄዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው ሲል መለሰ። ሰፊው ይህንን ሲያነብ ሰው ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረ፤ እንዲህ የሚመልስ ሰው ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለ።

እገዳው እንዲነሳ መታወቂያዎን ከፊትዎ ጎን ይዘው ፎቶ ይላኩ ተባለ። ባለቤቱ አነሳችው፣ ላኩት። ከሰዓታት በኋላ፣ በአፍዎ ውስጥ ስለታማ ብረቶች ስለሚታዩ ፎቶውን አልተቀበልነውም የሚል መጣ። እውነትም ሦስት ስፒል በከንፈሩ ይዞ ነበር፤ ሥራ ላይ ሲሆን መያዙን ራሱም አያውቀውም። ስፒሉን ተፍቶ ሌላ ተነሳ። አሁን ደግሞ፣ በአንገትዎ ላይ ማሰሪያ ይታያል፣ በሰው ተገድደው ከሆነ አንድ ቁጥርን ይጫኑ ተባለ። ሰፊው አንድ ቁጥርን እያየ ለጥቂት ጊዜ አመነታ። ባለቤቱ ስልኩን ቀማችው።

ሜትሩን አወለቀ። አንገቱን በረደው። ሦስተኛው ፎቶ ረቡዕ ጠዋት ተላከ፣ መልሱም ሳይውል ሳያድር መጣ፤ በፎቶው ላይ ያሉት ሰውዬ ከመታወቂያው ጋር አይመሳሰሉም። ባለቤቱ መታወቂያውን አገላብጣ ብታየው፣ እዚያ ላይ ሜትሩ አለ።

ሰፊው ረቡዕን እጅጌዎቹን በመስፋት ዋለ። እጅጌ የማንንም ክብር አይነካም። ሲጨርስ እንደገና ተቀመጠ፣ ካሮቷን እያየ። ነገ አንዷን እህት መምረጥ ሊኖርበት ነው፤ ከተሳሳተ ደግሞ እትዬ በልጇ ሠርግ ላይ፣ ካሜራ ፊት፣ ምናልባት ጎንበስ ስትል… ከዚህ በላይ አላሰበውም፤ ጠመኔውን በጥርሱ ነክሶት ተገኘ።

ነገሩን የፈታችው ባለቤቱ ናት። ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ ረዳትን ቻው ብላ፣ ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈች። ከላይ ቀን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ የተጣለ እገዳ እንዲነሳ ስለ መጠየቅ»፣ ቀጥሎ ማንም ቢያነብ መሐሉ ላይ የሚጠፋበት አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር፣ ከታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ»። የሚመለከታቸው እነማን እንደሆኑ ሰፊው ጠየቃት። ማንም አይደለም አለችው፤ ግን እነሱ ይህንን አያውቁም። በዓለም ላይ ግልባጭ የማይፈራ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላጋጠማትም።

ሐሙስ ከቀትር በፊት እገዳው ተነሳ። ይቅርታ ተጠየቀ። ስለ ደረሰብዎ መጉላላት ለአንድ ሰዓት የሚያገለግል ከፍተኛ የድምፅ ጥራት በነፃ ተሰጥቶዎታል የሚልም ተከተለ። ሰፊው ይህችን የመጨረሻ ቃል ብዙም ልብ አላላትም። እስካሁን የሰጡት ነገር ሁሉ ስሙ ሌላ፣ ግብሩ ሌላ ነበርና።

እሱ ያሰበው ሌላ ነው። እህቱን ዳግመኛ ለመጠየቅ ጥፋተኛ ያስፈልገዋል። ጥፋተኛው እሷ ልትሆን አትችልም፣ እሱም ሆኖ ዓይቶታል። መስመሩ ግን አለ። መስመሩ በዚህ ሳምንት ለሠራው ሁሉ አንድ ነገር መሸከም ይገባዋል። እትዬ፣ መስመሩ ቁጥሮቹን በላቸው፣ ከመጀመሪያው እንጀምር ይላታል። ውሸትም አይደለም። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሳይሆን በአንድ ብልሽት አንድ እርቅ።

ባለቤቱ ለምሳ ገብታ ነበር። ተቀመጡ፣ ደወለ። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ። «አልገዛም» አልተባለም። «አቤት» አለች እትዬ።

ሰፊው ደነገጠ። እትዬ እዚያው ጠረጴዛው ሥር የተቀመጠች ይመስል ነበር። ስትተነፍስ ይሰማል። ከኋላዋ የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። ኩሽናዋ ውስጥ ያለ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል፤ ጎማው ማለቁን ከዚህ ሆኖ ሊነግራት ይችል ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይን ዓይኑን እያየ የከዳው መስመር፣ ልክ ብልሽቱ ሲፈለግ ጤነኛ ሆነ።

«እትዬ» አለ፣ «መስመሩ እኮ…»

«ምን ሆነ መስመሩ? ጥርት ብለህ ነው የምትሰማኝ። እንዲያውም ጉንፋን ይዞሃል።»

ሰፊው ባለቤቱን አየ፣ ባለቤቱ ጣሪያውን አየች። ያኔ እጁ ራሱ የሚያውቀውን ያዘ። ከምስሏ ላይ ቡናማውን ወረቀት ገነጠለና ስልኩ አፍ ላይ ያንኮሻኩሸው ጀመር። «እት… ቁጥ… አልተሰ… ደገ…» አለ። ጥሩ አድርጎ ሠራው። ባለቤቱ ሳቋን ለማፈን የሰማያዊውን ጨርቅ ጫፍ አፏ ውስጥ ልትከት ስትል በክርኑ ከለከላት።



«አንተ ኩታራ» አለች እትዬ።

«አቤት እትዬ» አለ፣ መቆራረጡን ረስቶ።

«ያንን ወረቀት አስቀምጠውና እንደ ሰው አነጋግረኝ።»

ሁለቱም ያደጉት በአባታቸው ሱቅ ውስጥ ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ በዚያው ወረቀት ቁርጥራጭ ላይ ተኝተዋል፤ በእንቅልፋቸው ሲገላበጡ የሚሰሙት እሱን ነው። እትዬ ከመቶ ዓይነት ኮሽታ መካከል ትለየዋለች። ሰፊው ወረቀቱን አስቀመጠ።

ከዚያ ሌላ መንገድ ስላልነበረው እውነቱን ነገራት። ዘጠና ስምንቱን፣ እንደገና ዘጠና ስምንቱን፣ ሰማንያ ስድስቱን። ባለቤቱ ስለ አለቃዋ ያለችውን። ወረቀቱ ላይ የወጣውን ነገር ካሮት ብሎ ሳይጠራው ለመግለጽ ሞክሮ ነበር፤ እትዬ ግን ምን ይመስላል፣ ምን ይመስላል እያለች አስጨነቀችው፣ በመጨረሻ ካሮት አለ።

«እንደዚያ ሆኜ ነው ሦስት ቀን ያሰብከኝ?»

«ሁለት ቀን ተኩል» አለ ሰፊው። በልክ አይቀልድም።

«ያኔውኑ አትጠይቀኝም ነበር?»

ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አውልቆ በእጁ ጠቀለለው። እስከ ዛሬ ለደንበኛም፣ ለሚስትም፣ ለግብር ሰብሳቢም ያላለውን ነገር ሊል ነው።

«ፈርቼሽ» አለ።

ምንም መልስ አልመጣም። ሰፊው በዚህ ሳምንት የዝምታ ዓይነት ተምሯል። የሚቆረጥ አለ፣ የሚዘገይ አለ፣ ይቅርታ የሚከተለው አለ። ስልኩን አየ። ሰከንዶቹ እየቆጠሩ ነው፣ የግድግዳው ሰዓትም ከወዲያ እየሄደ ነው፣ ቧንቧውም ይንጠባጠባል። ይሄኛው እንግዲህ የእትዬ የራሷ ነበር።

«ጻፍ» አለች እትዬ።

እስክሪብቶውን አነሳ።

«ደረት ዘጠና ስምንት። እሺ በል።»

«እሺ።»

«ወገብ ሰማንያ ስድስት።»

«እሺ።»

«ዳሌ መቶ አራት። ካሮት አባትህ።»

«እሺ እትዬ።» አባታቸው አንድ እንደሆነ አላስታወሳትም።

ከዚያ ስለ ጫፉ ተነጋገሩ፤ መሬት እንዲነካ አልፈለገችም። ስለ ዚፑም ተነጋገሩ፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ቃላቸውን መርጠው ነው። ዓርብ ጠዋት ሰውየው እንዳያመልጥህ አለችው። አያመልጠኝም አላት። ደህና ሁን ትላለች ብሎ ሲጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ቤቷ ውስጥ አንድ ሰው የገባ ይመስላል፣ ወይም ራሷ ራሷን እንዳትሰማ ፈልጋ።

«አሁን መስመሩ ተቆርጧል» አለች።

«አልተቆረጠም እትዬ፣ ጥርት ብሎ…»

«ተቆርጧል አልኩህ። ወገቡ ላይ ስድስት ጨምርበት። ይሄንን አልሰማህም።»

ሰፊው በተፈጥሮው ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለም። ባለቤቱ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችው፣ ገባው።

«ሃሎ?» አለ። «ሃሎ እትዬ? ምንም አይሰማም።» እንዳይጎድልባትም ወረቀቱን አንስቶ አንድ ጊዜ ጨመቀላት።

ከወዲያ አጭር ሳቅ ተሰማ፣ እሱንም ቶሎ አፈነችው። ስልኩ ተዘጋ። በእጅ ነው የተዘጋው፤ ለስላሳዋ ሴት የምትለው ነገር አልነበራትም።

ሰፊው ሰማያዊውን ጨርቅ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ መጨማደዱን በመዳፉ ጠረገ፣ ጠመኔውን አነሳ። ባለቤቱ መነጽሯን አድርጋ በጎኑ ቆመች፤ ሰማንያ ስድስትና ስድስት ዘጠና ሁለት ነው አለችው፣ እንዳይሳሳት። እሱ ጨርቁን አየ። እትዬን ሃምሳ ስምንት ዓመት ያውቃታል። ጎንበስ ብሎ ዘጠና አራት ብሎ ምልክት አደረገና መቀሱን አስገባ።